19ኛ ቀኔ ነው፤ ቀኑን እንዴት ነበር የምትገፉት?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ። አጣዳፊ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ነው ተብዬ ኬሞ ከጀመርኩ ዛሬ 19 ቀን ሆነኝ። መድኃኒቱ 7 ቀን ነበር፣ እሱን እንደምንም ተወጣሁት። የከበደኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሌ ስለወረደ ከክፍሌ አልወጣም፣ የሚገባውም ሁሉ ማስክ አድርጎ ስለሆነ ሙሉ ፊት ካየሁ ቆየሁ። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ፀጉሬ ትራሱ ላይ እየቀረ ነው። ጠዋት ጠዋት ደም ይወስዳሉ፣ ውጤቱ እስኪመጣ በር በሩን አያለሁ፣ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የዚያን ቀን ነገር አለቀ። የሚደውለው ሁሉ "በርቺ" ይለኛል። እናንተ እባካችሁ እሱን ተዉትና እንዴት እንዳለፋችሁት ንገሩኝ።

መልስ 1፦
አልልሽም እህቴ። እኔ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎልኝ 34 ቀን ተኝቻለሁ። ያ ቁጥር እኔንም ሊያሳብደኝ ነበር፣ በኋላ ነው ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ። ኬሞው የታመመውንም ጤነኛውንም ሴል አብሮ ስለሚመታ መቅኔው እንደገና የደም ሴል እስኪያመርት ጊዜ ይፈልጋል፤ ባንቺ ዓይነቱ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከተጀመረ 3 ወይም 4 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በ19ኛው ቀን ዝቅ ማለቱ ብቻውን መጥፎ ወሬ አይደለም። እኔ መጨረሻ ላይ "የምትቀይሩት ነገር ከሌለ ቁጥሩን አትንገሩኝ" አልኳቸው። ተገላገልኩ! ፀጉሩን ግን ቶሎ ተላጪው፣ በየጠዋቱ ከትራስ ላይ መልቀም ነው የሚያመው።

መልስ 2፦
እኔ እንኳን ቁጥሩን ባላውቅ ይብስብኝ ነበር፣ ሰው ይለያያል። የጠቀመኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሰው ሲደውል የማወራው እያጣሁ እጨነቅ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለና! ከዚያ ወንድሜ ማታ ማታ ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ያቆምልኝ ጀመር። ማንም አያዋራኝም። ልጆቹ የቤት ሥራ ሲሠሩ፣ ሲጣሉ፣ አንዱ መጥቶ ካሜራው ላይ ምላሱን ሲያወጣ አያለሁ። ተኝቼም እነሱ ቤት ውስጥ የነበርኩ ያህል ነው።

መልስ 3፦
እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጠዋት የሌሊት ልብስሽን ቀይሪ፣ ከአልጋ ወርደሽም ወንበር ላይ ተቀመጪ። ሐኪምሽ ከፈቀደ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ተራመጂ፣ ፕሌትሌትሽ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ብቻሽን አትነሺ፣ መውደቅ ያደማል። ብርድ ብርድ ካለሽ ወይም ካተኮሰሽ "ሌሊት ነው፣ አላስቸግራቸው" ብለሽ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ወዲያው ጥሪን ተጫኚ። ሆድ መባሱም እንደዚያው ነው። እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ምንም ካላሰኘሽ ተናገሪ፤ ለሱም ባለሙያ አለው። እኛ ካልነገራችሁን ደህና ናችሁ ብለን ነው የምናልፈው፣ እውነቱን ለመናገር።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ፀጉሩን ዛሬ ተላጨሁት። የመደርደሪያውንም ነገር ማታ ሞከርነው። እናቴ ስልኩን አዘቅዝቃ አቁማው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያየሁት እጇንና ልብስ ስታጥፍ ነው። የአንድ ካልሲ ጓደኛ ጠፍቶባት ስትነጫነጭ ነበር። አልጋው ስር አይቼዋለሁ፣ ግን ዝም አልኳት።