ከደብረ ማርቆስ ለሚወጣ የቤት መኪና የትኛው ዕቃ ይቅደም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በቅርቡ ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ ገዝቻለሁ፤ ከጃፓን የገባችና መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ ናት። በሥራ ቀን ከቤት ትምህርት ቤት ከመመላለስ ያለፈ ሥራ የለባትም። በእረፍት ግን ቤተሰብ ይዤ በቡሬና በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር እወጣለሁ፤ የዓባይን በረሃ ተሻግሬ አዲስ አበባ መሄዴም አይቀርም፤ እናቴ ደግሞ ከጮቄ ግርጌ፣ ከረቡዕ ገበያ አለፍ ብለው ስለሚኖሩ የጠጠሩን መንገድ በየጊዜው እነካዋለሁ።

አንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገብቼ ለዚህች መኪና ምን እንደሚያስፈልጋት ብጠይቅ፣ ሻጩ ኤልኢዲ የፊት አምፖል፣ ዳሽ ካሜራ፣ በሲጋራ ላይተር መሰኪያ ላይ የሚሰካ የነዳጅ መቆጠቢያ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የብልሽት ማንበቢያ፣ የጎማ መንፊያ፣ የቆዳ የወንበር ልብስና የመሪ ሽፋን ደርድሮ አሳየኝ። ሁሉንም ልግዛ ብል የመምህር ደመወዝ የሚችለው አይደለም። መኪናዋ ስኮርታ ጎማና ክሪክ አላት፤ ከዚያ በቀር ባዶ ናት። በእርግጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ገንዘብ መጣል የሚሆነውስ?

መልስ፦ መካኒክ፣ ደብረ ማርቆስ

መምህር፣ ከዘረዘሩት ውስጥ አስቀድሜ የማስገዛዎት የጎማ መንፊያውን ነው። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም እያለ ከተማው ስለሚከታተል ጎሚስታ አይታጣም፤ ከደጀን ወርደው ጎሐ ጽዮን እስኪወጡ ባለው በረሃ ወይም ከረቡዕ ገበያ ወዲያ ግን ቀስ እያለ የሚተነፍስ ጎማ ይዞ መፍትሔ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሲገዙ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ብቻ አይመኑ። የሲጋራ ላይተሩ ፊውዝ ብዙውን ጊዜ 15 አምፒር ስለሆነ በ12 ቮልት ሲሰላ ከ180 ዋት በላይ አይሸከምም። ከዚያ የሚበልጥ ጉልበት አለኝ የሚል መንፊያ ባትሪውን በቀጥታ የሚነክሱ መቆንጠጫዎች ሊኖሩት ይገባል፤ በላይተር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ወይ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ወይ ጽሑፉ ውሸት ነው። ሲነፉም ሞተሩ ይነሣ፤ አለበለዚያ ጎማውን አድነው ባትሪውን ይጨርሱታል።

የሚሞላው መጠን በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ ለመኪናዎ የታዘዘው አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚለኩት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ዓባይ ወርደው ቢለኩና ቁጥሩ ትንሽ ቢለዋወጥ አይደንግጡ፤ ከደብረ ማርቆስ ከፍታ እስከ ድልድዩ ባለው መውረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚበረታ መለኪያው 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ያህል ዝቅ ያደርገዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ በየ10 ዲግሪው 1.5 ፒኤስአይ ያህል ስለሚጨምርበት ሁለቱ ይካካሳሉ።

ጎማዎ ቲዩብለስ (ካላማዳሪያ የሌለው) ከሆነ ከመንፊያው ጋር የጎማ መድፈኛ ገመድና መውጊያውን ይግዙ። ሚስማር የገባው መንገድ በሚነካው የጎማው ፊት ላይ ከሆነ ይሠራል፤ ጎኑ ከተወጋ ግን መድፈኛው አይታመንም፣ ስኮርታ ይቀየራል። ስኮርታ ካልኩ ዘንድ የእርስዎን አውጥተው ይዩት። በጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2314 ከሆነ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 23ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ 2006 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የተሠራ ነው። 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ሳይሠራበት ተቀምጦ የደረቀ ነው፤ እሱን ይዞ የዓባይን በረሃ መውረድ ስኮርታ ሳይዙ ከመሄድ አይሻልም።

በመጨረሻ፣ ሻጩ ያላሳየዎትን አንድ ነገር ልጨምር፤ የፍሬን ዘይት ያስቀይሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ዘይቱ ሲፈላበት ፔዳሉ ወለሉን እስኪነካ ይሰምጥበታል። በትንሽ ማርሽ ይውረዱ፤ ከካሜራውና ከወንበሩ ልብስ በፊትም ገንዘቡ እዚህ ይዋል። የብልሽት ማንበቢያውን ግን ባይገዙት ይሻላል እላለሁ፤ ኮዱን አንብቦ ዕቃ የሚያስቀይር ሰው በዝቷል።

መልስ፦ የሚኒባስ ሹፌር፣ ፍኖተ ሰላም

መካኒኩ ወንድማችን ስለ ጎማ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ መብራት ልናገር። መምህር፣ መኪናዎ መሪዋ የተዞረ ከሆነ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያድርጉ፤ ማታ ከግድግዳ ፊት ለፊት ጥቂት እርምጃ ርቀው ያቁሙና አጭሩን መብራት ያብሩ። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን የላይኛው ጠርዝ በአንድ ወገን ከፍ ይላል። በጃፓን መኪና በግራ ስለሚነዳ የፊት መብራቱ የግራውን ዳር እንዲያሳይ ተደርጎ ይሠራል፤ እኛ ደግሞ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ከፍ ያለው ብርሃን በቀጥታ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። መሪ ሲዞር መብራቱ ሳይቀየር የሚቀር መኪና ስንት እንደሆነ ማታ በመንገድ ላይ የዋለ ያውቀዋል። እንዲህ ባለው መብራት ውስጥ ኤልኢዲ መክተት ጥፋቱን ማባስ ነው፤ ለክር አምፖል በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ የኤልኢዲ ብርሃን በትክክል ስለማይሰበሰብ መንገዱ ላይ ከማረፍ ይልቅ ወደ ላይ ይበተናል። ስለዚህ ገንዘቡን ለእኛ አነዳድ በተሠራ የፊት መብራት ላይ ያውሉት፤ አቅም ካልፈቀደ ደግሞ አቅጣጫውን ዝቅ አስደርገው፣ መስታወቱን አስወልውለው በተራው 60/55 ዋት አምፖል ይንዱ።

በክረምት እንጅባራ ላይ ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት የሚያበራ ሰው ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይኑን ይጋርደዋል። ለዚያ መድኃኒቱ አጭር መብራትና አዲስ የዝናብ መጥረጊያ ጎማ ነው። የመጥረጊያው ጎማ ከደረቀ መስታወቱን ይቧጥጠዋል እንጂ አያጠራውም፤ በየክረምቱ መግቢያ መቀየር ያለበት ርካሽ ነገር እሱ ነው።

ሌላው የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ነው። አገራችን ላይ መኪና ሲበላሽ ቅጠልና ድንጋይ መደርደር የተለመደ ነው፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው አስፋልቱ ላይ ይቀራል፣ ማታ የሚመጣው ሚኒባስ ይወጣበታል። እባክዎ ብርሃን የሚያንጸባርቅና እግሩ ከበድ ያለ ሦስት ማዕዘን ይግዙ፤ የቀላሉን እግር የአይሱዙ ነፋስ ይገለብጠዋል። አንጸባራቂ ሰደሪያና በግንባር የሚታሰር ባትሪም ይያዙ፤ ስልክ በአፍ ነክሶ ጎማ መቀየር ሥራ አይደለም።

መልስ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። በነዳጅ መቆጠቢያው ልጀምር፤ አይግዙት። በላይተር መሰኪያ ላይ የሚሰካ ዕቃ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ የሚያዝበት መንገድ የለውም፤ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለቱ ሥራ የሚሠራ ያስመስለዋል እንጂ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን በሚታይ መጠን የሚቀንስ አላገኘም።

ስለ ብልሽት ማንበቢያው ግን ከመካኒኩ ጋር በከፊል አልስማማም። ባለቤቱ ኮዱን ማወቁ ዕቃ ለማስቀየር ሳይሆን ጋራዥ ሲገባ የሚነገረውን ለማመዛዘን ይጠቅመዋል፤ የሞተሩን ሙቀት በቁጥር ማየቱም የዓባይን ዳገት ለሚወጣ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ችግሩ ያለው ከመኪናዋ ነው። የማንበቢያው ሥርዓት በአሜሪካ ከ1996፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ግን መሰኪያቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ርካሹ ማንበቢያ ላያነጋግራቸው ይችላል። ስለዚህ መምህር፣ ከሻጩ ጋር ሆነው መኪናዋ ላይ ሰክተው ስልክዎ ላይ ሲገናኝ በዓይንዎ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ዳሽ ካሜራ ጥሩ ነው፤ የሚቀድም ግን አይደለም። ከገዙ በውስጡ የሊቲየም ባትሪ ሳይሆን ካፓሲተር (ሙቀት የሚችል የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ያለውን ይምረጡ፤ ፀሐይ ላይ በሚቆም መኪና ውስጥ ባትሪው ቶሎ ያብጣል። ለመንገድ ማሳያ የተለየ ጂፒኤስ አያስፈልግዎትም፤ ካርታውን ቤት ውስጥ ስልክዎ ላይ አስቀድመው ያውርዱ፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። የወንበሩን ልብስ በተመለከተ፣ ወንበሩ ጎን ላይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ ጥብቅ ልብስ ኤርባጉ እንዳይወጣ ሊያግደው ይችላል። የመሪ ሽፋኑ ሲዞር የሚንሸራተት ከሆነ ያውጡት።

መልስ፦ ነርስ፣ ደምበጫ

የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ሲገዙ ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ። አብዛኛው ጊዜ ትንንሽ ፕላስተርና አንድ ጠርሙስ አልኮል ነው የሚገኝበት፤ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ግን ደም የሚያቆም ነው። ጓንት፣ ሰፋፊ ጎዝ፣ ጥቅል ፋሻ፣ ሦስት ማዕዘን ጨርቅና ልብስ የሚቆርጥ መቀስ ከመድኃኒት ቤት ለየብቻ ገዝተው ይሙሉት። ሣጥኑንም ሆነ የእሳት ማጥፊያውን ከዕቃ መጫኛው ጀርባ አይቅበሩት። ማጥፊያው ባለ 1 ኪሎ ዱቄት ቢሆን ለቤት መኪና ይሆናል፤ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ መሆኑን እያዩ ከሾፌሩ ወንበር ስር ይታሰር፤ ካልታሰረ ግን ፍሬን ሲይዙ ተንከባሎ ፔዳል ስር ይገባል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ መኪናዋን ግድግዳ ፊት አቁሜ አየኋት፤ ብርሃኑ በግራ በኩል ከፍ ይላል፣ እንደተባለውም መብራቱ የጃፓኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እዚህ ደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርዱ ሲበረታ ሞተሩ እያቃሰተ ነው የሚነሣው። በኪስ የምትያዝ የባትሪ ማስነሻ ልግዛ ወይስ ገመድ?

መልስ፦ መካኒክ፣ ደብረ ማርቆስ

አስቀድመው ላይተር ላይ የሚሰካ የቮልት መለኪያ ይግዙ፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው። ሌሊቱን ያደረ ጤነኛ ባትሪ ሞተር ሳይነሣ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.2 በታች ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተር ከተነሣ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ችግሩ የባትሪው ላይሆን ይችላል፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይታያል።

ማስነሻዋ ጥሩ ናት፤ ብቻውን ለሚሄድ ሰው በተለይ። ሆኖም በየሦስት ወሩ ካልተሞላች የሚያስፈልግዎት ቀን ባዶ ሆና ትገኛለች፣ የመኪና ውስጥ ሙቀትም ይጎዳታል። እርስዎ ብዙውን ጊዜ ሰው ባለበት ስለሚያድሩ ገመድ ይበቃዎታል። ውፍረቱ ከ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ ሽፋኑ ወፍራም ሆኖ ውስጡ እንደ ክር የቀጠነ ገመድ ብዙ ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ይተዉት። ሲያገናኙ ቀዩን ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፉን ከጤነኛው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከጤነኛው ኔጋቲቭ ያስሩና፣ የቀረውን ጥቁር ጫፍ ባትሪው በደከመው መኪና ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ካለ የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ያንክሱት፤ ባትሪው ላይ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ካሉ የፍሬን ዘይቱን ስቀይር ባትሪውንም አብሬ እለካዋለሁ።