ጥቆማ፦ አካባቢን ለማይጎዳ ኑሮ ምን ይገዛ፣ ምን ይጠገን፣ ምን ይተው?

ጥያቄው

አካባቢን የማይጎዳ ኑሮ መጀመር ለሚፈልግ ቤተሰብ ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው ነው? አምፖል፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የሻወር ራስ፣ የጽዳት ፈሳሽ፣ የኮምፖስት ባልዲ፣ የጨርቅ ቦርሳ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዓይነት አለው፤ ሻጩ ደግሞ ሁሉንም «ለአካባቢ ተስማሚ» ይላቸዋል። ልዩነቱን የምታውቁ ጠቁሙን። ጥገና ቤት ሲመረጥስ ምን ይታያል?

ከኤሌክትሪክ ባለሙያ

ከአምፖል ጀምሩ። ካርቶኑ ላይ ከዋቱ በፊት ሉመኑን አንብቡ፤ ዋት የሚበላው ነው፣ ሉመን የሚሰጠው ብርሃን። የድሮው ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል 800 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። ኤልኢዲ ያንኑ ብርሃን በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ አሮጌው በዓመት 110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ኤልኢዲው 16 አካባቢ። ከዚህ ሂሳብ የምትረዱት፣ ቀድሞ መቀየር ያለበት ረጅም ሰዓት የሚበራው መሆኑን ነው። የዕቃ ቤቱ አምፖል በቀን አምስት ደቂቃ የሚበራ ከሆነ እስኪቃጠል ይቆይ።

ሁለት ኤልኢዲ እጃችሁ ላይ ካለ ሉመኑን ለዋቱ አካፍሉ፤ ብዙ የሚወጣው ይሻላል። ቀጥሎ ሲአርአይ (CRI) የሚለውን፣ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉ፤ ከ80 በታች ከሆነ የሰው ፊትም የልብስ ቀለምም ይገረጣል። የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ይጻፋል፦ 2700 ኬልቪን ቢጫማ ነው፣ ለማረፊያና ለመኝታ ክፍል። 4000 ለሥራ ጠረጴዛና ለወጥ ቤት ይመቻል። 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ሆስፒታል ያስመስላል።

ብዙ ሰው «ኤልኢዲ ረጅም ዕድሜ አለው ተብሎ በስድስት ወር ሞተ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ብርሃን ሰጪው ዲዮድ አይደለም፤ ግርጌው ውስጥ ያለው፣ ኤሌክትሪኩን ለዲዮዱ የሚያመጣጥነው ድራይቨር ነው፤ በተለይ ውስጡ ያለው ካፓሲተር የሚባለው ክፍል በሙቀት ይደርቃል። ድፍን የመስታወት ክዳን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ለዝግ ክዳን እንደሚሆን የተጻፈበትን ግዙ። ብርሃን የሚቀንስና የሚጨምር ማብሪያ ካላችሁም ለዲመር የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ይርገበገባል ወይም «ዝዝዝ» ይላል።

ጠመዝማዛው ፍሎረሰንት እየሠራ ከሆነ ይሥራ፤ ግን ውስጡ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ እንዳለ አትርሱ። ከተሰበረ መስኮት ከፍታችሁ ክፍሉን ለ10 ደቂቃ ያህል ልቀቁ። በመጥረጊያም በቫኪዩምም አትንኩት፤ ብናኙን ይበትኑታል። ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት አንሱት፣ ደቃቁን በማጣበቂያ ፕላስተር ልቀሙት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉትና ለአደገኛ ቆሻሻ ሰብሳቢ ስጡ።

ባትሪ ድንጋይ ላይ፣ ቻርጅ ከሚደረጉት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ዓይነቱን ምረጡ። እዚያም ሁለት ዓይነት አለ። 2500 ሚሊአምፒር ሰዓት (ድንጋዩ የሚይዘው መጠን) የሚለው ትልቅ ቁጥር ያጓጓል፤ ግን ብዙ ጊዜ ቆሞ እያለ ቶሎ ይወርዳል፣ የሚችለው የቻርጅ ብዛትም ያንሳል። 2000 አካባቢ የሆነው፣ ኤኔሉፕ በሚል ስም እንደሚሸጠው ያለ ቀስ ብሎ የሚወርድ ዓይነት፣ መሳቢያ ውስጥ ወራት ቆይቶም ይሠራል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቻርጀሩ ግን ከባትሪው ይበልጣል፦ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው እያየ ሲሞላ የሚያቆም መሆን አለበት። በጥንድ ብቻ የሚሞላውና በሰዓት ቆጣሪ የሚያቆመው ርካሽ ቻርጀር አንዱን ያቃጥላል፣ ሌላውን ጎዶሎ ይተዋል። አዲስና አሮጌ ድንጋይ አንድ ዕቃ ውስጥ አታቀላቅሉ፤ ደካማው ተሟጦ ያልቅና ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ለግድግዳ ሰዓት ግን ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አያስፈልግም፤ አንድ ተራ ድንጋይ ከዓመት በላይ ይቆይበታል።

ከቧንቧ ሠራተኛ

ውሃ ቆጣቢ የሻወር ራስ ከመግዛታችሁ በፊት የሚያንጠባጥበውን ዝጉ። ልኬቱ ቀላል ነው፦ መስመር ያለው ብርጭቆ ለአንድ ሰዓት ከቧንቧው ሥር አስቀምጡ። 150 ሚሊ ሊትር ከያዘ በቀን 3.6 ሊትር፣ በዓመት ከ1300 ሊትር በላይ ነው።

ዞር ዞር እያለ የሚዘጋ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ጥፋተኛዋ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ያለችው ክብ ላስቲክ ናት። ዋናውን ውሃ ዝጉ፤ ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን አፍስሱ፤ የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ (ትንሿ ቡሎን እዚያ ከገባች የቀኑ ሥራ ሌላ ይሆናል)። እጀታውን በካቻቢቴ፣ ውስጡን በመፍቻ ፍቱ። አሮጌዋን ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱና ልኳን ግዙ፤ በግምት የተገዛች አትገጥምም። አዲሷ በሳምንቷ ማንጠባጠብ ከጀመረች ላስቲኳን አትውቀሱ፤ የምትቀመጥበት የብረት ከንፈር ተበልቷል። በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ያንን ከንፈር የሚሞርድ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ያለሰልሰዋል፤ ቧንቧውን በሙሉ መጣል አያሻም። «ይሄ አይጠገንም፣ አዲስ ግዙ» ብሎ የሚጀምረውን ሠራተኛ መጀመሪያ ፈትቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በአንድ እጀታ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚሰጠው ቧንቧ ውስጥ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ካርትሪጅ የሚባል ክፍል አለ፤ በብዛት ዲያሜትሩ 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱ ብቻ ይቀየራል።

ሽንት ቤት ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳል። ታንከሩ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጨምሩና ለ20 ደቂቃ ሳታወርዱ ቆዩ። ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከታየ የታችኛው ላስቲክ አልገጠመም። ውሃ ለመቆጠብ ታንከሩ ውስጥ ጡብ መክተት የተለመደ ምክር ነው፤ መጥፎ ምክር ነው። ጡቡ እየተፈረፈረ ላስቲኩ ሥር ይገባና ያንኑ ፍሳሽ ያመጣል። ውሃ የተሞላ፣ በደንብ የተከደነ ጠርሙስ ይሻላል፤ እሱም መዝጊያውን በማይነካ ጥግ።

የሻወሩን ፍሰት ለመለካት ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይበቃል። ከአንድ ደቂቃ በታች ከሞላ የሻወር ራሱን መቀየር ትርጉም አለው። አየር የሚቀላቅለው ዓይነት ውሃው ብዙ ያስመስላል፤ ግን ግፊት ይፈልጋል፣ ጠብታውም ሰውነት ላይ እስኪደርስ ይበርዳል። ከጣሪያ ታንከር በክብደቱ ብቻ ለሚወርድ ውሃ አይሆንም። ፍሰቱን በቀለበት የሚያጠበው ቀላሉ ዓይነት ለዚህ ይቀርባል፤ የእሱ ችግር ቀዳዳው ውሃው በሚተወው ነጭ ኖራ መደፈኑ ነው፤ አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ ይደር።

ለቧንቧ ሠራተኛው ተጨማሪ

ልክ ብለዋል፤ ግን አንድ ነገር አልፈዋል። ውሃውን እዚያው በቅጽበት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ማሞቂያ ካለ ቆጣቢ ራስ ከመግጠም በፊት የማሞቂያው ዝቅተኛ ፍሰት ስንት እንደሆነ ከመመሪያው ይታይ። ከዚያ በታች ከወረደ ጭራሽ አይበራም፣ ወይም እየበራ እየጠፋ አንዴ ውርጭ አንዴ ፍል ውሃ ያወርዳል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ከራሱ ጋር የመጣ የሻወር ራስ ካለው ደግሞ ባይነካ ይመረጣል።

ከአትክልተኛ

የኮምፖስት ዕቃ ሲመረጥ ጥያቄው አንድ ነው፦ መሬት አላችሁ ወይስ የላችሁም?

ግቢ ካላችሁ ምንም አትግዙ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ክምር በአሮጌ ጣውላ ወይም በሽቦ መከለል ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም። በመጠን ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ (ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀደደ ካርቶን) ለአንድ እጅ እርጥብ (የአትክልት ልጣጭ፣ የታጨደ ሣር)። እርጥበቱን በእጅ ጨብጣችሁ ለኩ፦ እንደተጨመቀ ስፖንጅ ሆኖ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ማውጣት አለበት። በደንብ የያዘ ክምር መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል። ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ካለው እርጥቡ በዝቷል፣ ደረቅ ጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል፣ ገልብጡት። ካልሞቀ፣ ካልሸተተ፣ ምንም ካልሆነ፣ ደርቋል። ሥጋ፣ ዘይትና ወተት ነክ ነገር አይግባ፤ አይጥ ይጠራል።

መሬት ለሌለው ሁለት አማራጭ አለ። ቦካሺ የሚባለው አየር የማያስገባ ባለ ቧንቧ ባልዲ ነው፤ በማይክሮብ የታሸ ፍሩሽካ እየነሰነሱ ትራፊውን ያብላላሉ። ሥጋም የበሰለ ምግብም ይቀበላል፣ ቦታ አይፈጅም። ከሞላ በኋላ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ሻጮች የማይናገሩት ግን ከውስጡ የሚወጣው ኮምፖስት አለመሆኑን ነው፤ የኮመጠጠ ትራፊ ነው። አፈር ውስጥ ተቀብሮ ተጨማሪ ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል፤ አፈር የሞላ ትልቅ ሳጥን ወይም የሚቀበል አትክልተኛ ከሌለ ትርፉ ሽታ ነው። ከቧንቧው የሚወርደው ፈሳሽም አሲድ ስለሆነ ለተክል የሚሰጠው አንድ እጁ በ100 እጅ ውሃ ተበርዞ ነው።

ሁለተኛው የቀይ ትል ሳጥን ነው። ከግቢ የሚቆፈረው ጥልቅ መሬት ውስጥ የሚኖር ትል አይሆንም፤ ላይ ላዩን የሚኖረው ኢሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው። በተመቸው ጊዜ በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል፤ ግማሽ ኪሎ ትል ካላችሁ 250 ግራም ማለት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከዚያ ሩቡን ብቻ ስጡ። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማዋል። ሽንኩርት፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ጥቂት ብቻ። ትሎቹ ግድግዳው ላይ እየወጡ ከሆነ አንድ ነገር አስጠልቷቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ በዝቷል ወይም ምግቡ ኮምጥጧል። የተቀደደ ካርቶን ጨምሩና ለሳምንት ምግብ አቁሙ። ከሁለቱ ትሉን እመክራለሁ፤ የሚወጣው ወዲያው ለተክል የሚሆን ነው።

ስለ ጽዳት ዕቃ

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ ማጽዳት በየቦታው ይመከራል። አረፋው ደስ ይላል፤ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፉና የሚቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው፦ ሶዳው ለቅባትና ለመፈተግ፣ አቼቶው ለኖራና ለመስታወት። አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። እብነ በረድ ላይም አቼቶ አይፈስም፤ ድንጋዩን ይበላዋል። በውሃ ማፍያ ውስጥ ለሚጋገር ኖራ ሲትሪክ አሲድ ይበልጣል፦ በ1 ሊትር ውሃ 30 ግራም፣ አሙቆ ግማሽ ሰዓት መተው፣ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። ሽታ የለውም፣ ዱቄት ስለሆነ ማሸጊያውም ትንሽ ነው።

ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የሳሙናው ስም ያን ያህል አያጣላም፤ ዋናው ሙቀቱ ነው። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው የሚሄደው ውሃውን ለማሞቅ ነው፣ ስለዚህ ለዕለት ልብስ 30 ዲግሪ በቂ ነው። ከበሮው ሲሞላ ከልብሱ በላይ የተዘረጋ መዳፍ የሚገባበት ክፍተት ይቅር። ሳሙና ሲበዛ ልብሱ አይጸዳም፤ ይደርቅና ይሻክራል፣ ማሽኑም ይሸታል።

ስለ ቦርሳና «ስለሚበሰብስ» ፌስታል

የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2018 ያወጣው ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጧል፦ የጥጥ ቦርሳ ከተራ ፌስታል ጋር በአየር ንብረት ጉዳት ብቻ ለመስተካከል 52 ጊዜ ማገልገል አለበት፤ የተጠኑት ጉዳቶች ሁሉ ከተቆጠሩ 7100 ጊዜ። ጥናቱ የባሕር ላይ ቆሻሻን አልቆጠረም፤ ስለዚህ «ፌስታል ይሻላል» ማለት አይደለም። ግን በየስብሰባው የሚታደለው የጥጥ ቦርሳ መሳቢያ ውስጥ ከተከመረ ጥቅም የለውም። ቤት ያለውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ እስኪቀደድ ያዙ፤ ሲቀደድ ስፉት።

«የሚበሰብስ» የሚል ፌስታል ሲቀርብላችሁ በምን ሁኔታ እንደሚበሰብስ ጠይቁ። ኦክሶ የሚባለው ዓይነት የሚሰባበረው ወደ ደቃቅ ፕላስቲክ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሎታል። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፒኤልኤ ደግሞ 60 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ የፋብሪካ ኮምፖስት ይፈልጋል፤ ጓሮ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል።

ስለ ጥገና ቤትና ሰብሳቢ

ጥገና ቤት ስትመርጡ አራት ነገር ጠይቁ፦ ከመክፈቱ በፊት ምርመራ አድርጎ ይነግራችኋል? የተቀየረውን አሮጌ ክፍል ይመልሳል? ክፍሉ የፋብሪካ ነው ወይስ ቅጂ፣ ለይቶ ይጽፋል? ለሥራው የስንት ወር ዋስትና ይሰጣል? አራቱን ያለ ማንገራገር የሚመልስ ቤት ከሚያብረቀርቀው ሱቅ ይበልጣል።

ፕላስቲክ ሰብሳቢ ጋር ሲኬድ ከሥሩ ያለውን ቁጥር እዩ። ቁጥሩን የከበበው ሦስት ማዕዘን «ይህ መልሶ ይሠራል» የሚል ዋስትና አይደለም፤ የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የሚናገረው። 1፣ 2 እና 5 በብዛት ገዢ አላቸው፤ 3 እና 6 ይከብዳሉ። ሰብሳቢውን የትኛውን ቁጥር እንደሚወስድ ጠይቁት፤ «ሁሉንም» ካለ የቀረውን የት እንደሚጥለውም ጠይቁ። የዘይትና የወጥ ቅሪት ያለበት ዕቃ ሳይታጠብ ከገባ ከጎኑ ያለውን ወረቀትና ካርቶን ያበላሻል።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስልኬ ቶሎ ይሞታል፤ «ኃይል ቆጣቢ» የሚባለውን አዲስ ልግዛ?

አይግዙ። ስልክ በዕድሜው ከሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው ሲመረት ነው። ሴቲንግ ውስጥ የባትሪ ጤንነት የሚለውን ይክፈቱ፤ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ባትሪው ብቻ ይቀየር። ጀርባው ካበጠ ግን ቻርጅ አያድርጉት፣ አይጫኑት፣ በመርፌ አይንኩት፤ አጥፍተው ከሚቃጠል ነገር ርቆ ያስቀምጡትና ለጠጋኙ ያድርሱ። አዲሱ ባትሪ ከገባ በኋላ ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው ውስጥ ቢያቆዩት፣ ሌሊት ትራስ ሥር ቻርጅ ባያደርጉት፣ ዕድሜው ይረዝማል።