«አልነፋም» ብሎ መንጃ ፈቃዱን የተቀማ አለ? (ካሊፎርኒያ)

ጥያቄ፦

ሰላም ቤተሰብ። የአጎቴ ልጅ ቅዳሜ ማታ ከመልስ ሲመለስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖሊስ አስቆመው። ጠጥቶ ነበር፣ አልዋሽም። ከታሰረ በኋላ የአልኮል መመርመሪያ ማሽኑ ላይ ንፋ ሲሉት እምቢ አለ። ጓደኞቹ «ካልነፋህ ማስረጃ የላቸውም» ብለውት ኖሯል። እሑድ ጠዋት ሲለቁት መንጃ ፈቃዱን አስቀርተው ሮዝ ወረቀት ሰጡት። ፍርድ ቤት የሚቀርበው ከወር በኋላ ስለሆነ «እስከዚያ ምን አስጨነቀኝ» ብሎ ተኝቷል። የሚኖረው በኡበር ነው። ዝም ብሎ መጠበቅ ያዋጣዋል?

መልስ፣ ከኢንግልዉድ፦

እህቴ፣ ቀስቅሺው።

ያቺ ሮዝ ወረቀት ለ30 ቀን የምታስነዳ ጊዜያዊ ፈቃድ ናት። የእገዳ ትእዛዝም ናት። ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ደውሎ ጉዳዬ ይሰማልኝ ካላለ፣ 30ው ቀን ሲያልቅ እገዳው ይጀምራል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው። አራቱ ቀን በእንቅልፍ አልቋል።

ፍርድ ቤቱና ዲኤምቪ ለየብቻ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ክሱን ቢዘጋው እንኳ የዲኤምቪው እገዳ አብሮ አይነሳም። እኔ ይህን ያወቅሁት ዋጋ ከፍዬ ነው። ዲኤምቪ በስልክ ሲሰማኝ ስንት ቢራ እንደጠጣሁ ማንም አልጠየቀኝም። ክርክሩ በሙሉ፦ ፖሊሱ ጠጥተህ ነድተሃል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበረው ወይ? በሕግ ነው የታሰርከው? እምቢ ካልክ መንጃ ፈቃድህ እንደሚታገድ ተነግሮሃል? እምቢ ብለሃል? በቃ። «አልሰከርኩም ነበር» የሚለው ንግግሬ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጓደኞቹን አትርገሚያቸው፣ ግማሹን ሰምተው ነው። መንገድ ዳር፣ ከመታሰር በፊት፣ የምትሰጥ ትንሽ የእጅ መሣሪያ አለች። 21 ዓመት የሞላው ሰው፣ ቀድሞ በዲዩአይ (ጠጥቶ በመንዳት) ተፈርዶበት በአመክሮ ላይ ካልሆነ፣ እሷን አልነፋም ማለት ይችላል። ከታሰሩ በኋላ የሚመጣው ምርመራ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር መኪና ስትነጂ፣ ከታሰርሽ ለመመርመር አስቀድመሽ እንደተስማማሽ ይቆጠራል። ምርጫው ትንፋሽ ወይስ ደም የሚለው ነው።

እምቢታ ደግሞ «እምቢ» የሚለው ቃል ብቻ አይደለም። «መጀመሪያ ጠበቃዬን ላናግር» ማለትም እምቢታ ነው፤ ለዚህ ምርመራ ጠበቃ የመጠየቅ መብት የለም። ደጋግመው ሲጠይቁሽ አንገት ደፍቶ ዝም ማለትም ያው ነው። ዝም አይነቅዝም ብለው ላሳደጉን ሰዎች ይህ ወጥመድ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «እሺ ልንፋ» ቢል እንኳ የመጀመሪያው እምቢታ አይሰረዝም።

ሒሳቡን እይው። ነፍቶ የአልኮል መጠኑ 0.08 ወይም በላይ ቢያሳይ፣ የመጀመሪያው ከሆነ የዲኤምቪ እገዳው 4 ወር ነበር። መኪናው ላይ የትንፋሽ መቆለፊያ (ነፍተህ አልኮል ካገኘ መኪናውን የማያስነሳ) አስገጥሞ መንዳትም ይችል ነበር። እምቢ ሲል 1 ዓመት ሙሉ ነው፣ ያኛው በርም ዝግ ነው። በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ከተባለ ደግሞ በእምቢታው ብቻ 48 ሰዓት እስር ይጨመራል። ማስረጃ የላቸውም የተባለውስ? ፖሊስ ከዳኛ ትእዛዝ አውጥቶ ደም ማስቀዳት ይችላል። ዐቃቤ ሕጉም «ንጹሕ ቢሆን ለምን አልነፋም?» ይላል።

ስለ ኡበሩ፦ በዲዩአይ የተፈረደበትን ሰው ለ7 ዓመት እንዳያሠሩ የካሊፎርኒያ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ ለፍርድ ቤቱም ጠበቃ ይያዝ። ወደ ዲኤምቪ ሲደውል አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ይበል፤ እንግሊዝኛዬ ይበቃል ብሎ አይኩራራ። እኔ ኮርቼ ነበር።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

ይህ የካሊፎርኒያ ነው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ እንዳትገለብጡት። እኛ ቨርጂኒያ እምቢ ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱ እዚያው ለ7 ቀን ይታገዳል። ፍርድ ቤት እምቢታው ያለ በቂ ምክንያት ነው ካለ 1 ዓመት ይጨምርበታል። ትንፋሽ አልሰጥም ብሎ በ10 ዓመት ውስጥ ከደገመው ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ይሆናል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ የመጀመሪያው 270 ቀን ነው። የጭነት መኪና ፈቃድ ያላችሁ፣ በራሳችሁ የቤት መኪና እምቢ ብትሉም ሲዲኤሉ ለ1 ዓመት ይሄዳል። ይሄ በየትም ስቴት ነው።

መልስ፣ ከሲያትል፦

ዜግነት ያመልክታል ወይ? ቅጹ ታስረህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ክሱ ቢዘጋም «አዎ» ነው መልሱ፤ መደበቁ ከጥፋቱ ይብሳል። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ያስቀምጥ። ሁለት የዲዩአይ ፍርድ ካለበት ደግሞ ከ2019 ወዲህ መልካም ጠባይ አለኝ ብሎ ማሳመን ከባድ ነው።

ጠያቂዋ፦

ቀሰቀስኩት። ወረቀቷስ ስለው «የሱፌ ኪስ ውስጥ» አለኝ። ሱፉን ሰኞ ላውንደሪ ሰጥቶታል። እየነዳሁ ወደዚያ ነኝ።

መልስ፣ ከኢንግልዉድ፦

ባትገኝም ዛሬውኑ ይደውል። ደግሞ አንቺ እየነዳሽ ነው የምትጽፊው?