ውሻና ድመት ባለበት ቤት አይጥ እንዴት ነው ምታጠፉት? መርዝ አልፈልግም

የቡቺ እናት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ኮተቤ አካባቢ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው ምንኖረው፣ ቤቱ ድሮ የተሠራ ጭቃ ቤት ነው ኮርኒሱ ደሞ አቡጀዲ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ማታ ማታ ላያችን ላይ ሩጫ ነው፣ መብራት ስናበራ ዝም ስናጠፋ እንደገና። እሱንስ ለምደነው ነበር፣ አሁን ግን ወርደው ማድቤት ገብተዋል። የሽሮውን ፌስታል ቀዳደውታል፣ የጤፉን ማዳበሪያ ከሥሩ በልተውት እየፈሰሰ አገኘሁት፣ ምድጃው ኋላ ሁሌ ጠዋት ጥቁር ጥቁር ካካ ነው ምጠርገው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ ቡቺ ሚባል ውሻ አለን፣ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ነው ሚውጠው፣ ካልሲ ሁሉ ውጦ ያውቃል። ድመትም አለችን፣ እሷ ደሞ ሶፋ ላይ ተኝታ ኮርኒሱን ቀና ብላ ማየት ብቻ ነው ሥራዋ 😂 ትንሽ ልጅም አለችኝ። አከራያችን እትዬ መርዝ አምጥቼ ኮርኒሱ ላይ ልበትንላችሁ እያሉኝ ነው፣ እምቢ ማለትም ከብዶኛል። ሶኬት ላይ ሚሰካ ድምፅ እያወጣ ያባርራል ሚሉት ነገር ይሠራል ወይ? ናፍታሊንስ? ሞክሮ ያየ ሰው ይንገረኝ እባካችሁ

ዘገርጂ፦
እህቴ ምን ያካብድሻል፣ ያችን ሮዝ ቀለም ያላትን ስንዴ ገዝተሽ ማታ በትኚ በቃ። ውሻውን ለጥቂት ቀን ውጭ እሰሪው። ድመት ደሞ ብልጥ ናት መርዝ አትበላም

ቬቱ፦
ዘገርጂ ወንድሜ ይቅርታ አርግልኝና ይሄ ያልከው ነገር ነው እኛ ክሊኒክ ውሻ ሚያመጣው። ሮዝም በይው ሰማያዊም አረንጓዴም፣ ያ ቀለም የተነከረው ስንዴና ብሎኩ አብዛኛው ብሮዲፋኩም ወይ ብሮማዲዮሎን ሚባል ነገር ነው ያለበት፣ ሥራው ደም እንዳይረጋ ማረግ ነው። ጉበት ደም ሚያረጋውን ነገር ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፣ መርዙ ያንን ቫይታሚን ጉበት መልሶ እንዳይጠቀምበት ያረገዋል፣ ግን ድሮ ተሠርቶ ደም ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ድረስ እንስሳው ምንም አይመስልም። ለዛ ነው ውሻው ዛሬ በልቶ ነገም ከነገ ወዲያም ሲዘል ውሎ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ድንገት ድክም ሚለው። ድዱ ይነጣል፣ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንዳንዱ በአፍንጫው ይደማል፣ ብዙዎቹ ግን ደሙ ውስጥ ለውስጥ ደረታቸው ውስጥ ስለሚፈስ ጠብታ ደም ሳይታይ ይሞታሉ። ባለቤቱ ደሞ ከ4 ቀን በፊት የበላውን ከየት ያስታውስ፣ ብርድ መቶት ነው ብሎ ይቀመጣል።

ድመቷ ላይ፣ ስንዴውን ላትበላው ትችላለች እሺ፣ አይጧን ግን ትበላታለች። መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፣ ቀናት ትቆያለች፣ እየደከመች ስትሄድ ደሞ ሶፋ ላይ ለምትውል ድመት እንኳ ምትያዝ ትሆናለች። ድመት ከውሻ የተሻለ ትቋቋመዋለች፣ አንዷን በልታ ምንም ላትሆን ትችላለች፣ ግን ይሄ መርዝ ጉበት ውስጥ ለሳምንታት ነው ሚቀመጠው፣ ሰሞኑን በተከታታይ ከለቀመች ይጠራቀምባታል።

ደግነቱ ይሄኛው ማርከሻ አለው፣ ቫይታሚን ኬ ዋን፣ ሆስፒታል ሕፃን ሲወለድ ሚወጉት ራሱ ነው። ግን አንዴ ተወግቶ ሚያበቃ አይደለም፣ ለጠንካራዎቹ መርዞች 4 ሳምንት አካባቢ በየቀኑ ይሰጣል ከዛ ደሙ ይታያል። ቫይታሚን ኬ ስሪ ምናምን ብለው ቢሸጡላችሁ አይሠራም።

ከዚህ የባሰው ግራጫ ጥቁር ዱቄቱ ነው፣ ዚንክ ፎስፋይድ። ጨጓራ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን ሚባል ጋዝ ይሆናል፣ ማርከሻም የለውም። የነጭ ሽንኩርት ወይ የበሰበሰ አሣ ሽታ አለው። እኛ አገር ውሻ መርዝ በላ ከተባለ መጀመሪያ ወተት ነው ሚጋቱት፣ እዚህ ላይ ግን ሆድ ውስጥ ምግብ ሲገባ አሲዱ ይጨምራል ጋዙም ይጨምራል፣ ስለዚ ምንም ሳትሰጡ የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ፣ መኪና ውስጥ ካስመለሰው መስኮት ክፈቱ ምክንያቱም ጋዙ ለናንተም አይሆንም። መንገድ ላይ ስም የሌላት ብልቃጥና ወረቀት ውስጥ ሚሸጡትን ደሞ እኛም ምን እንደሆነ ማወቅ አንችልም፣ ምን እንደበላ ካላወቅን ደሞ ምን ብለን እናክመው። የእህል ነቀዝ ክኒኑን ኮርኒስ ውስጥ ሚጥሉም አሉ፣ እሱ ያው ፎስፊን ነው፣ ሰው ሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍጹም!! ሰው ነው ሚጨርሰው።

ናፍታሊን እርሺው፣ ካልሲ የዋጠ ውሻ ናፍታሊን አያልፍም፣ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ አይጡ ግን አጠገቡ ጎጆ ይሠራል።

እማማ ጉለሌ፦
ልጄ የድሮ ሰው ልንገርሽ። አይጥ ቤትሽን ወዶ አይደለም ሚመጣው እህልሽን ነው። ጤፍ በማዳበሪያ መሬት ላይ አስቀምጦ አይጥ መጣብኝ ማለት ምን ማለት ነው? ቆርቆሮ በርሜል ግዢ ክዳን ያለው፣ ሽሮም በርበሬም ብቅልም ጌሾም ሁሉም ቆርቆሮ ወይ ጠርሙስ ውስጥ ይግባ፣ ፕላስቲክ ባልዲ እንዳትዪኝ እሱን ቀርጥፎ ነው ሚገባ። መሶቡንም ከፍ አርጊው። የውሻውን ቡሌ ማታ ሳህኑ ላይ ታሳድሪያለሽ አይደል? አውቃለሁ ሁሉም ሰው ነው ሚያሳድረው። አይጡ እኮ መጀመሪያ ለሱ ነው የመጣው፣ ከዛ ነው ማድቤቱን ያየው። ለቡቺ በቀን ስጪው፣ ከበላ በኋላ ሳህኑ ይታጠብና ይነሳ።

ድመቷን ደሞ አትስደቢያት፣ ሽታዋ ራሱ ጥቅም አለው። ግን ስላላት ብቻ አይጥ ይጠፋል ብለሽ አትቀመጪ፣ እኛ ቤት 2 ድመት እያለ ነው አይጠ መጎጥ ጓዳ ውስጥ የወለደው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እማማ ጉለሌ ልክ ኖት፣ ኒውዮርክ ውስጥ በፈረንጅ 2018 የወጣ ጥናት ነበር፣ አይጥ የሞላበት ቆሻሻ ሚሰበሰብበት ቦታ የጎዳና ድመቶች ገብተው በካሜራ ሲታዩ በ79 ቀን የገደሉት 2 አይጥ ብቻ ነው። አይጦቹ ድመት ሲያዩ ይደበቃሉ፣ ሰው ደሞ አይጥ ስላላየ ያለቁ ይመስለዋል።

ሶኬት ላይ ሚሰካውን ጠይቀሽ ነበር፣ ብርሽን አታባክኚ። እዚህ አሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ ገና በ2001 ላይ ከ60 በላይ ለሆኑ አምራቾችና ሻጮች ይሠራል ያላችሁትን በማስረጃ አረጋግጡ ብሎ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ድምፁ ግድግዳ አያልፍም፣ ሶፋ አያልፍም፣ አይጡም ቶሎ ይለምደዋል። የናና ዘይት ምናምን እዚህ ሐበሻ ሁሉ ይመካከራል፣ እሱም ለድመት ጥሩ አይደለም ጉበቷ እንደዚህ ዓይነት ዘይቶችን ማጣራት አይችልም።

እኛ ቤዝመንት ነው ምንኖረው እና ከውሻ ጋር ነን፣ እዚህ ለተራ ሰው ልቅ የሆነ የአይጥ መርዝ አይሸጥም፣ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው ሚመጣው፣ ቬቱ ያላቸውን ብሮዲፋኩም ምናምንም ከሱቅ ለቤት መግዛት አይቻልም። ሰው ታዲያ ደህና ነው ብሎ ብሮሜታሊን ያለበትን ይገዛል፣ እሱ ደሞ አንጎል ነው ሚመታው ማርከሻም የለው። ሳጥኑንም ትልቅ ውሻ ሊሰብረው ይችላል። እዚህ ያላችሁ ጀርባውን አንብቡ

ዘገርጂ፦
እሺ ተሸነፍኩ 😅 ግን በወጥመድ አንድ አንድ እየያዙ ይዘለቃል እንዴ? እነሱ እኮ በየወሩ ነው ሚወልዱት

ቬቱ፦
ትንሿ የቤት አይጥ እርግዝናዋ 3 ሳምንት ነው፣ አንዴ ስትወልድ 5ም 8ም ልትወልድ ትችላለች፣ ልጆቹ በ6 ሳምንት አካባቢ ራሳቸው ለመራባት ይደርሳሉ፣ ስለዚ ልክ ነህ፣ 1 ወጥመድ ገዝቶ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ሥራ አይደለም። አንዴ ብዙ ነው ሚጠመደው። ያ የእንጨቱ ባለ ስፕሪንጉ ጥሩ ነው፣ ወዲያው ይገድላል። አይጥ መሀል ወለል ላይ አይሄድም ግድግዳ እየታከከ ነው፣ ስለዚ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ወጥመዱ ወደ ክፍሉ እንዲዘረጋ አርገሽ በየ2 ሜትሩ ካካው ባየሽበት መስመር ደርድሪ። ምግቡ ትንሽ ይሁን፣ የለውዝ ቅቤ የአተር ፍሬ ምታክል፣ ብዙ ካረግሽ ልሶት ይሄዳል። ትልልቆቹ አይጠ መጎጦች አዲስ ነገር ይፈራሉ፣ ለነሱ መጀመሪያ ሳትወጥሪው ምግብ ብቻ አርገሽ ጥቂት ቀን አስለምጃቸው።

ለቡቺና ለልጅሽ፣ ወጥመዱ ፍሪጅ ኋላ፣ ምድጃ ኋላ፣ ወይ ተቸንክሮ የተዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ ሳጥኑ ጎን አይጥ ብቻ ምታስገባ ቀዳዳ አውጪለት የቡቺ አፍንጫ እንዳይገባ። ካርቶን አይሆንም ቡቺ ይበላዋል። ኮርኒሱ ላይ ግን ማንም ስለማይደርስ ዋናው ቦታሽ እሱ ነው።

ፎርማን፦
ስለ ወጥመድና ስለ መርዝ ይሄን ሁሉ ስታወሩ ቀዳዳው የት ሄደ? ቀዳዳው ካልተደፈነ የጎረቤት አይጥ ይተካል። ትንሿ አይጥ እኮ 6 ሚሊሜትር ከበቃት ትገባለች፣ እስክሪብቶ ሚገባበት ቀዳዳ በይው። በቀን መብራት አጥፍተሽ ከውስጥ ሆነሽ እይ፣ ብርሃን ሚገባበት ሁሉ አይጥ ይገባበታል። ጭቃ ቤት ላይ ደሞ እኔ ሁሌ ማገኘው ቦታ የውሃ ቧንቧ ግድግዳ ሚበሳበት፣ የመብራት ገመድ ሚገባበት፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው ሚገናኙበት ላይ ነው፣ ከዛ የበሩ ሥር። በጭቃ ብቻ አትድፈኑት በጀሶም፣ በአንድ ሌሊት ነው ሚፍቀው። ድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ምረጉት፣ ሽቦውን ሲነክሰው አይመቸውም። ጣሪያው ሥር ሰፋ ያለውን ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ወፍራም ሽቦ ወንፊት ቸንክሩት፣ የቀጭኑ የትንኝ መከላከያ አይሆንም ይበጥሰዋል። በሩ ሥር ላሜራ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ልብ በሉ፣ ውስጥ ያሉትን መጀመሪያ አጥምዳችሁ ካካ መታየት ሲቀንስ ነው ዋናውን መውጫ ምትዘጉት፣ አለበለዚያ ውስጥ ቆልፋችሁባቸው አቡጀዲውን ቀደው አልጋ ላይ ነው ሚወርዱት።

ቬቱ፦
ይሄ በጣም ትክክል ነው። ካካውን ደሞ በደረቁ አትጥረጊ፣ አቧራው ነው በሽታ ሚያመጣው። ጓንት አርገሽ፣ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጠሽ ረጭተሽ 5 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በወረቀት ልቀሚው። የቡቺን የውሃ ሳህንም በየቀኑ እጠቢ፣ በአይጥ ሽንት ሚተላለፍ ሌፕቶስፓይሮሲስ ሚባል አለ ውሻ ላይ ጉበትና ኩላሊት ይመታል ሰውም ይይዛል፣ ቡቺን ለክትባት ስትወስጂው ስለሱም ጠይቂያቸው።

የቡቺ እናት፦
በጣም ነው ማመሰግነው ሁላችሁንም!! ጤፉ በርሜል ገብቷል፣ ቡሌውም ማታ ይነሳል ቡቺ ግን ተኳርፎናል። ቀዳዳው ልክ ፎርማን እንዳለው ነው፣ የማድቤቱ ቧንቧ ሚገባበት ዙሪያው እጄ ሚገባ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ ባልዲ ተደቅኖበት ነው ለካ ማይታየው።

እትዬን ደሞ አወራኋቸው፣ የቡቺን ነገር ስነግራቸው ውሻ ያው ውሻ ነው ብለው ሊስቁብኝ ነበር፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አልኳቸው፣ እሱም አልሠራም። መርዙን ያስተዋቸው ሌላ ነው፣ አይጡ ኮርኒሱ ውስጥ ከሞተ እኮ ማን ያወጣዋል ስላቸው። መርዙ ያደርቃቸዋል አይሸቱም ብለው ዋሽተው የሸጡላቸው ሰዎች ነበሩ መሰለኝ። ሲሚንቶውን እኔ ልግዛ ሠራተኛውን እርስዎ ተባብለናል።

አንድ ጥያቄ ቀረችኝ፣ መንገድ ላይ ሚሸጡት ያ ማጣበቂያ ካርቶንስ? ባለቤቴ ገዝቶ መጥቷል

ቬቱ፦
ድመትና ውሻ ባለበት ቤት ወለል ላይ አይሆንም፣ ፀጉሯ ላይ ከተጣበቀ ሲያስለቅቋት ቆዳዋ ነው ሚነሳው። አይጡም ሞቶ አይደለም ሚገኘው እየጮኸ ነው። ምናልባት ከተጣበቀችባችሁ አትጎትቱ፣ የምግብ ዘይት እየቀባችሁ ቀስ ብላችሁ ነው ሚላቀቀው ከዛ በሳሙና አጥባችሁ አድርቋት፣ ጋዝና ቤንዚን በፍጹም፣ ስትልሰው ትመረዛለች።

ዘገርጂ፦
እትዬ ግን ያ ለአይጥ የገዙት መርዝ ቤት ውስጥ ካለ ተቀበያቸው፣ ሌላ ተከራይ ላይ እንዳይበትኑት

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሽንት ቤት ግን እንዳትጨምሪው፣ አሽገሽ ልጅ ማይደርስበት ላይ አርገሽ ከየት እንደገዙት ጠይቂና ይመልሱላቸው