ነፃ ሙዚቃ ሳይሰርቁ ከየት ይወርዳል? በ2 ጊጋ ዳታ

ቴሲስ_ላይ
ሰላም ወገኖች። ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ሳነብ ከጀርባ የሚሄድ ሙዚቃ እፈልጋለሁ፣ ቢቻል ግጥም የሌለው። በወር ለሙዚቃ የምመድበው ዳታ ከ2 ጊጋ አያልፍም። በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚወርደው ከየት ነው? በየትኛው ፎርማት? የሀገራችን የድሮ ዘፈኖችስ? ከሙዚቃ ጋር የሚሄድ፣ ኪስ የማይጎዳ ሌላ የትርፍ ጊዜ ሥራ ካለም ጠቁሙኝ።

አውራጁ
ኢንተርኔት አርካይቭ ከሚባለው ድረገጽ ጀምር። ላይቭ ሙዚክ አርካይቭ የሚባለው ክፍሉ፣ ባንዶች እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የፈቀዱትን የመድረክ ሥራ የያዘ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ማውረጃው ላይ ነው። የፎርማቱን ስም ስትጫን ሙሉ ኮንሰርቱ በአንድ ዚፕ ይመጣል። ዚፑ በዚያው ቅጽበት እየታሰረ ስለሚላክ፣ መስመር ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው የምትጀምረው፤ ዳታህም አብሮ ይሄዳል። ሁሉንም ፋይሎች የሚዘረዝረውን ገጽ ክፈትና ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አውርድ። ወይም በቶሬንት ፕሮግራም የሚከፈተውን የቶሬንት ፋይሉን ውሰድ፣ እሱ ካቆመበት ይቀጥላል። ማዳመጥ ብቻ የፈቀዱ ባንዶችም አሉ፤ ማውረጃ ካላየህ አትድከም።

ሙዚቀኞች ሥራቸውን በሚሸጡበት ባንድካምፕ ድረገጽ ላይ ዋጋውን ለገዢው የተዉ አልበሞች አሉ። ሳጥኑ ውስጥ 0 ጻፍ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ካልተቀመጠ ያለ ክፍያ ያወርድልሃል፣ አንዳንዴ ኢሜይል ይጠይቃል። ለሙዚቀኛው በወር የሚታደለው የነፃ ማውረጃ ቁጥር 200 ስለሆነ፣ ኮታው ሲያልቅ ነፃው ሊዘጋ ይችላል፤ በሚቀጥለው ወር ተመልሰህ እይ። ለክላሲካል ሙስኦፕን የሚባል ድረገጽ አለልህ፣ ለንባብ ከዚያ የሚሻል አላውቅም።

ስለ ፎርማት፦ ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት በሰዓት 58 ሜጋ ገደማ ይበላል፣ በ320 ደግሞ 144 ሜጋ። ከድምፁ ምንም ሳይጥል ፋይሉን የሚያሳንሰው ፍላክ እንደ ሙዚቃው ቢለያይም ወደ 300 ሜጋ ይጠጋል። ስለዚህ 2 ጊጋህ በመጀመሪያው 35 ሰዓት፣ በሁለተኛው 14፣ በፍላክ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ነው። በርካሽ ማዳመጫ ለምታነብበት ሙዚቃ ፍላክ ብክነት ነው። ደግሞ ከ128 ወደ ፍላክ ቀይረው "ጥራት ጨመርኩ" የሚሉ አሉ፤ አንዴ የተጣለ ድምፅ አይመለስም፣ ፋይሉ ብቻ ይወፍራል። ከተጠራጠርክ ስፔክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈተው፦ ምስሉ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ካቆመ፣ ምንጩ 128 የነበረ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

አንቀጽ_በአንቀጽ
የላይኛው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይታረም። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ስላለ ብቻ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ብዙውን የሚጭነው ማንም ሰው ስለሆነ የእያንዳንዱን ፈቃድ ማየት ግድ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሆነ፦ ቢዋይ ማለት ስም ጥቀስ፣ ኤንሲ ለንግድ አታውል፣ ኤንዲ አትለውጥ፣ ኤስኤ የለወጥከውን በዚያው ፈቃድ አውጣ ነው። ለጥናትህ ማቅረቢያ ቪዲዮ ከሠራህ ኤንዲ ያለበትን አትጠቀም፤ ሙዚቃን ከምስል ጋር ማጣመር እንደ መለወጥ ይቆጠራል።

ክላሲካል ላይም ሁለት መብት አለ። የቤትሆቨን ዜማ ነፃ ነው፤ አምና የተቀረጸው የኦርኬስትራ ቅጂ ግን የቀረጸው ወገን ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1946 የታተሙ ሸክላዎች 100 ዓመት ሲሞላቸው ነው ነፃ የሚወጡት።

የሀገራችን ነገር ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድምፅ ቅጂ ጥበቃው 50 ዓመት ነው። አምሐ ሪከርድስ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ስለሆነ "ጊዜው አልፏል" የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የዜማና የግጥም ደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ደራሲው በሕይወት ካለ ወይም ያረፈው በቅርብ ከሆነ ዘፈኑ ነፃ አይደለም፣ የሸክላው ዕድሜ ምንም ያህል ቢሆን።

ባለካሴት
ለትርፍ ጊዜህ፦ ቤት ያሉትን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ። ለራስህ ጆሮ ብቻ፣ ዩቲዩብ ላይ እንዳትጭን።

የሚያስፈልገው የሚሠራ ቴፕ፣ ገመድና ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራሙ ነፃ ነው። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም ይሰነጥቀዋል፤ ስቴሪዮ መግቢያ ያለው የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ፈልግ። በቅድሚያ ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን ብረት) እና ክሩን የሚጎትተውን ጎማ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረግ። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ፤ ከ90 በላይ ካገኘህ ይሻላል። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ክሩ ይጣበቃል፤ በቢክ እስክሪብቶ ጥቂት አላቅቀው፣ ከዚያ አንዴ እስከ መጨረሻ፣ አንዴ ወደኋላ አጠንጥነው። ከክሩ በስተጀርባ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀች ድምፁ ይንሳፈፋል፤ ከማይጠቅም ካሴት አውጥተህ ቀይራት።

ኦዳሲቲን 44,100 ኸርዝ ላይ አድርግ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከመቀነስ 6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ቀይ ከነካ ተሰንጥቋል፣ ኋላ አይጠገንም። ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ከመሰለ ሄዱ ተዛንፏል፦ ከጎኑ ያለችውን ብሎን ሞኖ እያዳመጥክ በጥቂት በጥቂቱ አዙር፣ ጸናጽሉ ሲጠራ አቁም። ሹክሹክታውን ለማጥፋት ባዶውን ሁለት ሰከንድ እንደ ናሙና ስጠውና 6 ዴሲቤል ቀንስ። 20 ካደረግከው ዘፋኙ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ያልተነካካውን ቅጂ በፍላክ አስቀምጥ፤ ፍላክ እዚህ ጋ ነው ጥቅሙ።

ቴሲስ_ላይ
ተባረኩ። አንድ ቀረኝ፦ ያወረድኩትን በፍላሽ መኪና ውስጥ ስከፍት የአማርኛው ርዕስ አንዳንዱ አራት ማዕዘን፣ አንዳንዱ የጥያቄ ምልክት ነው። ቅደም ተከተሉም የተዘበራረቀ ነው።

አውራጁ
አራት ማዕዘን ማለት መሣሪያው የግእዝ ፊደል የለውም፤ ርዕሱን በላቲን ከመጻፍ ሌላ መላ የለውም። የጥያቄ ምልክት ግን የአጻጻፍ ኮድ ችግር ነው፦ ኤምፒ3ታግ በሚባለው የርዕስ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ አይዲ3 (ርዕሱ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፍበት ቅርጽ) ስሪት 2.3 ከዩቲኤፍ-16 ጋር መርጠህ እንደገና አስቀምጥ፣ አብዛኛው ይስተካከላል። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ብዙ የመኪና ማጫወቻ በስም ሳይሆን ፍላሹ ላይ በተገለበጡበት ተራ ስለሚያጫውት ነው። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርግና ከ01 ጀምሮ ቁጥር ሰጥተህ በተራ ገልብጥ። ፍላኮቹን ተዋቸው፣ የድሮ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ አያነብም።