አስቸኳይ! ማተሚያ ቤት ፋይሌን ሲከፍተው አማርኛው ተበላሸ፤ ጠዋት ማሽን ላይ ይገባል

የኮዬዋ (ጠያቂ)፣ ማታ 1፡35
ሰላም፣ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። ለበርበሬና ለሽሮ ማሸጊያ የሚለጠፍ ስቲከር ሠርቼ ፒያሳ አካባቢ ላለ ማተሚያ ቤት ልኬ ነበር። አሁን ደውለው ጽሑፉ ተበላሽቷል አሉኝ። በስልክ አንስተው ላኩልኝ፤ ትልቁ ስም የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆበት ወጥቷል፣ ታች ያለው ትንንሹ ጽሑፍ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። አረንጓዴውም የተቀቀለ ጎመን መስሏል። እኔ ጋ ሲከፈት ምንም አልሆነም! ጠዋት 2 ሰዓት ማሽን ላይ ካልገባ ወረፋው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብያለሁ፣ ባለቤቷ ደግሞ ቅዳሜ ባዛር አለባት። ማተሚያ ቤቱ ፋይሌን ለምን ያበላሻል? ምን ብዬ ልከራከራቸው? ያለሁት ኮዬ ፈጬ ነው፣ በዚህ ሰዓት ፒያሳ ሄጄ ልመለስ አልችልም። መብራቱም እየሄደ እየመጣ ነው።

የጀሞው፣ 1፡38
አውትላይን አድርገው። አለቀ።

ፒክስል፣ 1፡39
አውትላይን አድርገው ወንድሜ፣ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረው ማለት ነው፣ ከዛ ፎንት አይፈልግም። ሁሉንም ምረጥና ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኦ።

የኮዬዋ፣ 1፡41
ሴት ነኝ። እነሱ እዛው አውትላይን ያድርጉት ብያቸው አይሆንም አሉ እኮ።

ሽሮ ፈሰስ፣ 1፡42
በርበሬው ላይ የፈረንጅ ፊደል ከወጣ ኤክስፖርት ስታንዳርድ ሆኗል ማለት ነው። ዋጋ ጨምሪበት።

ፒክስል፣ 1፡43
ይቅርታ እህቴ። እነሱማ እንዴት አድርገው? ፎንቱ፣ የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ያለው አንቺ ላፕቶፕ ላይ ነው። አውትላይን የሚደረገው ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ነው፤ እነሱ ጋ ከደረሰ በኋላ አውትላይን ቢያደርጉት የተበላሸውን ነው አውትላይን የሚያደርጉት።

ጋሽ ፕሌት፣ 1፡50
ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ማተሚያ ቤቱ ምንም አላበላሸም። የደረሰው ፋይል ነው ያልተሟላው፣ ስለዚህ ክርክሩን ተይው፤ ነገም ከእነዚህ ሰዎች ጋር ትሠሪያለሽ። በስልክ አንስተው የላኩልሽ ራሱ ምክንያቱን ይነግርሻል። ትልቁ ስም የፈረንጅ ፊደል የሆነው ከድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በአንዱ ጽፈሽው መሆን አለበት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ ማለት ነው፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚስሉት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንግሊዝኛውን ነው፣ ሀ ሁ አስመስሎ የሚያሳይሽ ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ከስር ያለው ይወጣል። ሳጥን የሆነው ግን በዩኒኮድ የተጻፈው ነው። እሱን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል፣ የሚስልበት ፎንት ብቻ ነው ያጣው። የዛሬ ልጆች ይሄን ሳታውቁ ነው ስቱዲዮ የምትገቡት። እኛ ስንጀምር ፊልም ይወጣል፣ ለአራቱ ቀለም አራት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይሠራል፣ ከሥሩ መብራት ያለው ጠረጴዛ ላይ ተደግፈን በማጉያ መነጽር እናስተካክላለን። ከእኛ በፊት የነበሩትማ፣ ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ፊደል እኮ አንድ በአንድ በእጅ እየተለቀመ ነበር የሚደረደረው፣ አንዲት ፊደል ከተገለበጠች...

ሚጢጢ፣ 1፡52
ጋሼ፣ ልጅቷ ቸኩላለች።

ጋሽ ፕሌት፣ 1፡53
እሺ። አውትላይን ታድርገው።

ሽሮ ፈሰስ፣ 1፡54
ከ1914 ተነስተን የጀሞው ጋ ደረስን።

የኮዬዋ፣ 2፡04
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ልክ ነዎት፣ ትልቁ በቪዥዋል ግዕዝ ነው፣ ትንሹ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ኢላስትሬተር የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። አውትላይን አድርጌ ላኩላቸው። ትልቁ ስም ተስተካከለ፣ ታች ያለው ግን አሁንም ሳጥን ነው አሉኝ!! ላፕቶፔ ደግሞ ቻርጁ እያለቀ ነው።

የጀሞው፣ 2፡05
አውትላይን አላደረግሽውም ማለት ነው። እንደገና አድርጊው።

ሌየር፣ 2፡08
እንደገና ብታደርገውም ያው ነው። ታች ያለውን ጽሑፍ ሳትቆልፊው አልቀረሽም። የተቆለፈ ነገር ኮንትሮል ኤ ሲባል አይመረጥም፣ ስለዚህ አውትላይኑ አልፎት ይሄዳል። ኮንትሮል፣ አልት፣ 2 ብለሽ ሁሉንም ክፈቺ። የተቆለፈ ሌየርም (ንብርብር) ካለ ሌየር ፓነሉ ላይ ቁልፉን አንሺለት። የተደበቀም ካለ ኮንትሮል፣ አልት፣ 3። ከዛ ሁሉንም መርጠሽ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኦ። ከመላክሽ በፊት ታይፕ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ ፋይንድ ፎንት (አዲሶቹ ላይ ፋይንድ/ሪፕሌስ ፎንት) የሚለውን ክፈቺ። እዛ አንድም ፎንት ከተዘረዘረ ገና አልጨረስሽም። ምንም የሚታይ ጽሑፍ ሳይኖር ፎንት ካሳየሽ ደግሞ የሆነ ቦታ ክሊክ አድርገሽ የተውሽው ባዶ ጽሑፍ አለ። ኦብጀክት፣ ፓዝ፣ ክሊን አፕ ብለሽ ጥረጊው።

ሽሮ ፈሰስ፣ 2፡09
ከዚህ ሁሉ በፊት ኮፒ አስቀሪ። አውትላይን የሆነ ጽሑፍ አይታረምም። ነገ ሴትዮዋ "ሽሮ" የሚለውን "ምጥን ሽሮ" አድርጊልኝ ስትልሽ ፊደሉን በፔን ቱል ነው የምትስዪው። አንዱን "ለማረሚያ"፣ አንዱን "ለማተሚያ" ብለሽ ሴቭ አድርጊ፣ መብራቱ ሳይሄድ።

ቬክተር፣ 2፡13
ይሄ አውትላይን አውትላይን የምትሉት ነገር ድሮ ቀርቷል። ፒዲኤፍ ፎንቱን ውስጡ ይዞ ይሄዳል። ሴቭ አዝ ብለሽ አዶቤ ፒዲኤፍ፣ ከላይ ካሉት ለማተሚያ የተዘጋጀውን ፒዲኤፍ ኤክስ 1ኤ የሚለውን ምረጪ፣ ላኪ፣ ተኚ። ውጭ ያሉ ማተሚያ ቤቶች አውትላይን የሆነ ፋይል ሲላክላቸው ይበሳጫሉ።

ሌየር፣ 2፡15
ውጭ ላይ ልክ ነህ። እዚህ ግን ኦፕሬተሩ ፒዲኤፉን መልሶ ኢላስትሬተር ላይ ይከፍተዋል፣ ስቲከሩን ኤ3 ላይ ለመደርደር። ያኔ ውስጡ ያለው ፎንት አይጠቅመውም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ ያው ሳጥን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም፤ አውትላይን አድርጊ፣ ከዛ ፒዲኤፍ ኤክስ 1ኤ።

ቬክተር፣ 2፡16
ኦፕሬተሩ መክፈት የለበትማ።

ሌየር፣ 2፡16
ሄደህ ንገረው።

ቀለም ቀቢ፣ 2፡22
ሁላችሁም አረንጓዴውን ረሳችሁት። እህቴ፣ ፋይሉን በአርጂቢ፣ በስክሪን ቀለም ነው የሠራሽው አይደል? ስክሪን የሚያሳይሽ በብርሃን ነው፣ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ቀለም ነው፣ ያ የሚያበራ አረንጓዴ በአራቱ የማተሚያ ቀለም አይወጣም። በአራቱ ቀለም ብቻ የሚያትም ማንም ማሽን አያወጣውም። ፋይል፣ ዶክመንት ከለር ሞድ፣ ሲኤምዋይኬ (ሲያን፣ ማጀንታ፣ የሎና ብላክ የሚባሉት አራቱ የማተሚያ ቀለሞች) አድርጊው። ስትቀይሪው አረንጓዴው እዛው ስክሪንሽ ላይ ይደበዝዛል፣ አትደንግጪ። ከዛ ራስሽ ቁጥሩን ስጪው፤ ሲያን 75፣ ማጀንታ 0፣ የሎ 100፣ ብላክ 0 ብትይ ንጹህ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴን የሚያቆሽሸው ውስጡ የገባ ማጀንታና ጥቁር ነው።

ጥቁሩን ጽሑፍም እዪው። ከአርጂቢ የተቀየረ ጥቁር ከአራቱም ቀለም ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ትልቅ ርዕስ ላይ ችግር የለውም። ግራም የሚጻፍበት ትንሽ ጽሑፍ ላይ ግን ወረቀቱ ትንሽ ከሸሸ ከፊደሉ ጎን ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። ብላክ 100፣ ሌላው ሁሉ 0 አድርጊው። ዳር ድረስ የሚሄደውን ቀለም ደግሞ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ፣ ከመቁረጫው መስመር የሚያልፍ ትርፍ ቀለም ማለት ነው፣ ስጪው፣ ካልሆነ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ ይቀርልሻል።

የጀሞው፣ 2፡24
ማተሚያ ቤቶች ቀለም ማበላሸት ልማዳቸው ነው ለማንኛውም።

ጋሽ ፕሌት፣ 2፡27
የተላከልንን ነው የምናትመው ወንድሜ። እሷም ትንሹን ጽሑፍ ስንት ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ) አድርጋው እንደሆነ እንጃ። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ አይደለም፣ በ4 እና በ5 ነጥብ ጨ እና ጩ ይመሳሰላሉ፣ ቀለሙ ሲሰፋ ያቺ ትንሽ ጭረት ትዋጣለች። አረንጓዴ ላይ በነጭ የተጻፈ ከሆነ ይባስ። ልጄ ከ7 አታውርጂው፣ ወፈር ያለውን ፎንት ተጠቀሚ።

ሚጢጢ፣ 2፡31
እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ሴትዮዋ ቀብድ ከፍላለች?

የኮዬዋ፣ 2፡34
አልከፈለችም። የእኛ ብሎክ ናት፣ እናቴ ጋር ቡና ይጣጣሉ። ሳይታተም አልከፍልም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ኦሪጅናል ፋይሉንም ስጪኝ ብላኛለች። ልስጣት? ስቱዲዮ ኢንተርን ነኝ፣ እዛ ግን ይሄን ነገር ማንም አያሳየኝም፣ ፎቶ ባክግራውንድ ስቆርጥ ነው የምውለው። ፋይሉን እያስተካከልኩ ነው አሁን።

ሚጢጢ፣ 2፡38
ቡናው ሌላ፣ ሥራው ሌላ። ግማሹን ሳትቀበይ አትጀምሪ ነበር የምልሽ፣ አሁን ግን ጀምረሻል። ቢያንስ ማተሚያ ቤቱን ራሷ ትክፈል፣ አንቺ ከኪስሽ እንዳታወጪ። ሌላው፣ ዛሬ ማታ የመጨረሻውን ዲዛይን በቴሌግራም ላኪላትና ስሙን፣ ስልኩን፣ ክብደቱን፣ ቀኑን አንብባ "ይታተም" ብላ ትጻፍልሽ። በቃል አይሆንም። እኔ የምሠራበት ቦታ ደንበኛው ይታተም ብሎ ካልጻፈ ፋይሉ ከኮምፒውተር አይወጣም። የስልክ ቁጥሯ አንድ አሃዝ ተሳስቶ ቢታተም ሁለታችሁም እናትሽ ቤት ቡና አትጠጡም።

ቬክተር፣ 2፡41
ኦሪጅናሉን እንዳትሰጫት። ሶርስ ፋይል ለብቻው ዋጋ አለው። ከሰጠሻት በሚቀጥለው ለወንድሟ ልጅ ሰጥታ በነጻ ታሠራዋለች።

ሌየር፣ 2፡44
ታሠራዋ! ስቲከሩ የእሷ ንግድ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ መሄድ መብቷ ነው። ችግሩ ቀድሞ አለመነጋገር ነው። ዋጋው ስንት፣ ማስተካከያ ስንት ጊዜ፣ ምን ምን ፋይል ትወስዳለች፣ ሦስት መስመር ጽፎ መላክ ነው፣ ከዛ ጸብ የለም። አሁን ስላልተነጋገራችሁ ከከፈለችሽ ስጫትና ዝጊው።

ቬክተር፣ 2፡45
እንዲህ ስለምትሉ ነው ሙያው የረከሰው።

ሌየር፣ 2፡46
ደሞ ጀመርክ።

ቀለም ቀቢ፣ 2፡49
እህቴ፣ በምን ነው የምትልኪላቸው? ቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ እንዳትልኪ፣ ይጨምቀዋል። ፋይል ብለሽ ላኪ። ጠዋት ደግሞ ከቻልሽ ከ2 ሰዓት በፊት እዛው ተገኚ፣ አንድ ወረቀት አውጥተው ያሳዩሽ፣ ሙሉው ከመታተሙ በፊት። ከኮዬ በጊዜ ካልወጣሽ አትደርሺም፣ አውቀዋለሁ። ኢንተርን ሆነሽ ማሽኑ አጠገብ ቆመሽ የምታዪው ከፎቶ መቁረጥ የበለጠ ይጠቅምሻል። ኦፕሬተሮቹን ጠይቂያቸው፣ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ጠዋት ሻይ ጋብዣቸው።

የኮዬዋ፣ 2፡53
የተቆለፈ ነበር!!! ፋይንድ ፎንት ባዶ ሆነ። ሲኤምዋይኬ አድርጌ ፒዲኤፉን እየጫንኩ ነው፣ 60 ፐርሰንት ላይ

ሚጢጢ፣ 3፡10
ሄደ?

ሌየር፣ 3፡31
የኮዬዋ፣ ገባላቸው?

ሽሮ ፈሰስ፣ 3፡33
መብራት ሄዶ ነው። እኔም ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ጨለማ ውስጥ ነው የምጽፍላችሁ። በስልክሽ ሆትስፖት አድርጊ፣ ላፕቶፑ በባትሪ እስካለ ይበቃሻል።

ቬክተር፣ 3፡40
አውትላይን ባታደርገው ፋይሉ ቀላል ይሆን ነበር።

ሌየር፣ 3፡41
ስቲከር ነው ቬክተር። ስቲከር።

አዲስ ገቢ፣ በማግስቱ 5፡20
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል፣ ግን የምጠቀመው ኮረል ድሮው ነው፣ ኮንትሮል ሺፍት ኦ አልሠራልኝም፣ ቶሎ ነው የምፈልገው።

የጀሞው፣ 5፡21
ኮንትሮል ኪው። አለቀ።