አባቴ ከላይፕዚግ ያመጣው የጀርመን ገንዘብ፦ «አይነ ሚሊያርደ ማርክ» ስንት ነው?

አዳማዊ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ ላይፕዚግ ከተማ አራት ዓመት ቆይቶ ነበር። ዘንድሮ አዳማ ያለውን ቤታችንን ለማደስ ዕቃ ስናወጣ ከቁም ሣጥኑ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ አልበም አገኘን። በውስጡ የአባቴ ዘመን የምሥራቅ ጀርመን ገንዘብ ሳይሆን ከዚያ እጅግ የቀደመ የወረቀት ገንዘብና ሳንቲም ነው ያለው። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሰበስብ እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር።

ካየኋቸው መካከል ስድስት ቡናማ ባለ 1000 ማርክ ኖቶች አሉ፤ የተጻፈባቸው ቀን ኤፕሪል 21 ቀን 1910 ነው። አንድ ሌላ ባለ 1000 ማርክ ደግሞ ዲሴምበር 15 ቀን 1922 የሚል ቀን ይዞ፣ በላዩ ላይ በቀይ ቀለም አግድም «አይነ ሚሊያርደ ማርክ» ተብሎ ታትሞበታል። የጎልማሳ ፊት ያለበት ባለ 10,000 ማርክ፣ የጀርመን ባቡር ድርጅት ስም ያለበት በአንድ ገጹ ብቻ የታተመ ወረቀት፣ አይጦችና ዋሽንት ነፊ የተሣለባት «ሃመልን» የምትል ትንሽ ኖት፣ እንዲሁም እንደ ላባ የሚቀሉ በርካታ ሳንቲሞች አሉ።

ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ደላላ አሳይቼው «ሚሊያርድ ማለት ቢሊዮን ነው፤ ጀርመን የሚኖር ሰው ፈልገህ ባንክ ብታስወስደው ሀብታም ነህ» አለኝ። ባላምነውም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ገንዘቡ ዛሬ ዋጋ አለው ወይ? አንድ ሺህ የሚል ኖት እንዴት አንድ ሚሊያርድ ሆነ? እንዴትስ ልጠብቀው? ለመጠበቅ ብዬ ከቡናማዎቹ አንዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት ማስደረጌንም ልናገር።

የጠገራ ወዳጅ

ወንድሜ፣ በቅድሚያ አባትዎን ነፍስ ይማር። እኔም የአዳማ ነዋሪ ነኝ፤ በዋናነት የምሰበስበው ጠገራ ብር ቢሆንም ከጀርመኖቹም ጥቂት አሉኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ይያዙልኝ።

ደላላው በቃሉ ትርጉም አልተሳሳተም፤ ጀርመኖች ሚሊያርደ የሚሉት እኛ ቢሊዮን የምንለውን ነው። እነርሱ «ቢሊዮን» ሲሉ ደግሞ የእኛን ትሪሊዮን ማለታቸው ስለሆነ፣ ወደፊት ሌላ ኖት ሲያገኙ ይህችን ልዩነት አይርሷት፤ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1924 የሚል ቀን ያለበት ትልቁ የራይሽስባንክ (የያኔው የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ) ኖት በጀርመንኛ 100 ቢሊዮን ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር ግን 100 ትሪሊዮን ነው። ደላላው የተሳሳተው ባንኩ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ ሕጋዊነቱን ካጣ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ዛሬም የሚቀይረው ከዩሮ በፊት የነበረውን የዶይቸ ማርክ ገንዘብ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ስሌቱን ራስዎ ቢሠሩት ይመረጣል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል አንድ ዶላር 4.20 ማርክ ነበር። በጃንዋሪ 1923 ወደ 18,000 ማርክ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት 4.6 ሚሊዮን ገደማ፣ በሴፕቴምበር አማካይ ዋጋ ወደ 99 ሚሊዮን ደረሰ። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ኖትዎ የተሰራጨው በዚያ መኸር ነው፤ በሴፕቴምበር አማካይ ምንዛሬ አንዱ ኖት ዐሥር ዶላር ያህል ያወጣል ማለት ነው። ኖቬምበር 20 ላይ ግን አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ሆኖ ቆመ፤ ስለዚህ በሴፕቴምበር ዐሥር ዶላር ከነበረው ኖት በኖቬምበር አንዲት የአሜሪካ ሳንቲም ለመግዛት አርባ ሁለቱ ያስፈልጉ ነበር። ሺህ ማርክ ተብሎ የተነደፈው ኖት ላይ «አንድ ሚሊያርድ» ያተሙበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ዋጋው በየሳምንቱ በሚሸሽበት ጊዜ አዲስ ኖት ከመንደፍ ባለው ላይ ማተም ይፈጥናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበትን ነገር ላንሣ፤ ኖቱ ላይ የተጻፈው ቀን ኖቱ የወጣበት ቀን ነው ብለው አይመኑ። ጠገራ ብር ይዘው ያውቁ እንደሆነ ነገሩ አይከብድዎትም። በአያቶቻችን እጅ የነበረው ማርትሬዛ ሁሉ 1780 ይላል፤ ይህም ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ነው፤ ሆኖም ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲያትሙት ኖረዋል። የእርስዎ ቡናማ ኖቶችም እንዲሁ ናቸው። ኤፕሪል 21 ቀን 1910 የሚለው ቀን በሁሉም ላይ አለ፤ ግን ማኅተሙንና ተራ ቁጥሩን ይመልከቱ። ቀይ ከሆነ የቀደመው እትም ነው፤ በ1914 አንዱ ኖት 238 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር፣ እስከ ኦገስት 1914 ድረስም ባንክ ሄደው በወርቅ ይቀይሩት ነበር። አረንጓዴ ከሆነ በጦርነቱ ማብቂያና ከዚያ በኋላ፣ በዚያው በአሮጌው ቀን የታተመ ነው። አረንጓዴው እጅግ በብዛት ታትሟል፤ በአውሮፓ የሰብሳቢዎች ገበያ በጥቂት ዩሮ የሚገኝ ነው፣ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ባለ ሚሊያርዱም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሃመልን የሚለው ኖት ደግሞ ለጎብኚና ለሰብሳቢ የታተመ ጌጥ ስለሆነ እኔ ከገንዘብ አልቆጥረውም። ከተሞች የሚያወጡትን ያን ወረቀት በሙሉ ጀርመኖች «ኖትጌልድ» ይሉታል፤ የችግር ጊዜ ገንዘብ እንደ ማለት ነው። ልብዎን አያድክሙበት።

የሐይቅ ዳር

ከሐዋሳ ነኝ፤ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ የዋጋ ንረትን በእጃቸው እንዲይዙት ብዬ የዚህን ዘመን ኖቶች መግዛት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። ጋሼ የጠገራ ወዳጅ ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ስለ ኖትጌልድ በተናገሩት ግን አልስማማም።

ኖትጌልድ አንድ ዓይነት አይደለም። ሃመልን የሚለው በእርግጥ በ1920 እና በ1922 መካከል ከተሞች በየተረታቸውና በየታሪካቸው እያስጌጡ ለሰብሳቢዎች ከሸጧቸው ተከታታይ ኖቶች ወገን ነው፤ አይጦቹና ዋሽንት ነፊውም የዚያችው ከተማ ተረት ናቸው። መንግሥት በጁላይ 1922 እንዲህ ያለውን ከልክሏል። የ1923ቱ ኖትጌልድ ግን ሰው ደመወዝ የተቀበለበት፣ ዳቦ የገዛበት ገንዘብ ነው። በጃንዋሪ 1923 የፈረንሳይና የቤልጂየም ጦር ጀርመን ለጦርነቱ የምትከፍለው ካሣ ዘገየ ብሎ የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር የሆነውን የሩር አካባቢ ያዘ። የጀርመን መንግሥት ሠራተኛው ሥራ እንዲያቆም አዝዞ ደመወዙን ራሱ መክፈል ጀመረ፤ ግብር የሚሰበስብበት ዋናው አካባቢ በተያዘበት ጊዜ ይህን ሁሉ ክፍያ የሸፈነው በማተሚያ ማሽን ነው። ራይሽስባንክ የራሱ ማተሚያ አልበቃ ቢለው ከመቶ በላይ የግል ማተሚያ ቤቶችን አሠማራ፤ በርካታ ኖቶች በአንድ ገጽ ብቻ የታተሙት ለሁለተኛው ገጽ ጊዜ ስላልነበረ ነው። ያም ሆኖ ጥሬ ገንዘብ አጠረ። ከተሞች፣ ፋብሪካዎችና ባቡር ድርጅቱ የየራሳቸውን ኖት ያወጡት በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በእርስዎ አልበም ውስጥ ያለው የባቡር ድርጅቱ ወረቀት ምናልባት የአንድ ባቡር ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፤ ለእኔ ከባለ ሚሊያርዱ ይልቅ የሚስበኝ እርሱ ነው። በባቡር ምክንያት ላደገች ለአዳማ ልጅም የሚገባው እርሱ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የካሣ ዕዳው ብቻ ያመጣው ተደርጎ ሲወራ ግን አልቀበለውም። ጀርመን ጦርነቱን ራሱን የተዋጋችው ከግብር ይልቅ በብድርና በኅትመት ነበር፤ ወርቅ መቀየር የቆመውም በ1914 ነው፤ ሩር የተያዘው ማርኩ ክፉኛ ከወደቀ በኋላ ነው። ንረቱ የቆመው ኖቬምበር 15 ቀን 1923 ሬንተን ማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ፣ መጠኑ ተወስኖ፣ በወጣ ጊዜ ነው፤ አንዱ ሬንተን ማርክ አንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ነበር። ያን ጊዜ በእኛ አገር ንግሥት ዘውዲቱ ነግሠው ነበር፤ ገበያውም በጠገራ ብር ነበር። ጠገራ በሚዛን ብር ስለሆነ ማንም ዜሮ ሊጨምርበት አይችልም ነበር።

ባለ 10,000ውን ደግሞ አንድ ነገር ያድርጉ፤ ኖቱን ወደ ጎን አዙረው የሰውዬውን አንገት ይመልከቱ። ሰብሳቢዎች እዚያ ላይ ደም የሚመጥ ፊት ተደብቆ ይታያል፣ ይህም ፈረንሳይን የሚወክል ነው ይላሉ። ኖቱ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ ሥዕሉ ከአልብረኽት ዱረር ሥራ የተወሰደ ስለሆነ ሠዓሊው ሆን ብሎ ደብቆታል መባሉን እኔ እጠራጠራለሁ።

አዳማዊ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማኅተሙ ስድስቱም ላይ አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ ደላላውን ረስቼዋለሁ። ባለ 10,000ውንም አዙሬ አየሁት፤ ለእኔ ወዲያው ታየኝ፣ እናቴ ግን መነጽሯን አድርጋ ግራ ቀኝ ካዞረችው በኋላ «ጢም ያልተላጨ ሰው ነው እንጂ ምንም የለበትም» ብላ መለሰችልኝ።

ሳንቲሞቹን ስዘረዝር፦ 1921 የሚል ባለ 50 ፕፌኒግ (የማርክ መቶኛ) አራት፣ ባለ 3 ማርክ የ1922 አንድ፣ ባለ 200 ማርክ የ1923 ዐሥራ አንድ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የወጣባቸው ባለ 10 ፕፌኒግ ሦስት ናቸው። እነዚህንስ በሎሚና በአመድ ባሻቸው ይጠራሉ?

የባቡር ልጅ

ሎሚውን ለሰላጣ ያስቀምጡት! ባለ 50፣ ባለ 3 እና ባለ 200ው አሉሚኒየም ናቸው፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ አመድ የሚያስቀርበት ጭረት በአጉሊ መነጽር ሳይሆን በዓይን ይታያል። ነጭ ዱቄት ያወጡት ዚንክ ናቸው። ጦርነቱ መዳቡንና ኒኬሉን ለመሣሪያ ስለወሰደው ጀርመን ሳንቲሞቿን በብረት፣ በዚንክና በአሉሚኒየም ማተም ጀምራ ነበር። የዚንክ ዝገት እንዳይስፋፋ ከሌሎቹ ለይተው በደረቅ ወረቀት ፖስታ ያስቀምጧቸው፤ አሲድ የነካው ዚንክ ጨርሶ ይበላል።

ባለ 200ዎቹን በደንብ ይመልከቷቸው። በላያቸው ላይ ትንሽ ፊደል አለች፤ ኤ የበርሊን፣ ዲ የሙኒክ፣ ኢ በሳክሶኒ ያለው የሙልደንሁተን፣ ኤፍ የሽቱትጋርት፣ ጂ የካርልስሩኸ፣ ጄ የሐምቡርግ ማተሚያ ናቸው። ዐሥራ አንዱ ውስጥ ስድስቱም ፊደላት ካሉ አባትዎ ዝም ብለው የገዙ ሳይሆኑ ሙሉ ስብስብ ሲፈልጉ ነበር ማለት ነው። ይህቺ ሳንቲም አንድ ግራም ያህል ትመዝናለች፤ በኦገስት 1923 አማካይ ምንዛሬ አንድ ዶላር ለማግኘት 23 ኪሎ ገደማ ይህንኑ ሳንቲም መሸከም ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ኪሱ ውስጥ አልያዛትም፤ ዛሬ ሳይነኩ የቀሩ ብዙዎች የሚገኙትም ስለዚህ ነው።

የጠገራ ወዳጅ

የሐይቅ ዳር ስለ ባቡሩ ወረቀት ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ሁሉን በአንድ ከረጢት መጨመሬ ስሕተት ነበር።

ላሚኔት የሆነውን በተመለከተ፣ የሙቀቱ ሙጫ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷልና ለመላጥ አይሞክሩ፤ ከላጡት ቀለሙ አብሮ ይነሣል። እንዳለ ለልጆች ማሳያ ያድርጉት። የቀሩትን በተመለከተ ደግሞ ካውያ፣ ፕላስተርና ሙጫ አይድረስባቸው፤ እጥፋት ያለበት ኖት በካውያ ቢቃና ዋጋው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የአባትዎ አልበም ገጾች ጠረናቸው የሚከብድ፣ ሲነኳቸው የሚጣበቁ ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆኑ ኖቶቹን ዛሬውኑ ያውጧቸው፤ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ሲያረጅ ወዝ አውጥቶ ወረቀቱን ያበላሻል። ፖሊስተር ኪስ እስኪያገኙ ንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል ማስቀመጥ ይበቃል። የአዳማ ፀሐይና አቧራ እንዳይደርስባቸው መስኮት አጠገብ አያኑሩ።

የሐይቅ ዳር

እኔ ሐይቁ አጠገብ ስለምኖር የምታገለው ከእርጥበት ጋር ነው፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት በሳጥኑ ጥግ አስቀምጣለሁ፣ በክረምት ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ። ለአዳማም ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይጎዳም።

አዳማዊ

ኖቶቹን ከአልበሙ አውጥቻለሁ፤ ገጾቹ እንደተባለው ይጣበቁ ነበር። ፊደሎቹንም አየሁ፤ ከስድስቱ አምስቱ አሉ፣ የጎደለው ኢ ነው። አንድ ነገር ግን ሳላስበው ገጠመኝ፤ ከባቡር ድርጅቱ ወረቀት ጀርባ፣ ምንም ባልታተመበት ገጽ ጥግ ላይ፣ በአባቴ እጅ ጽሑፍ በእርሳስ «2 ማርክ፣ ቅዳሜ ገበያ» ይላል። የገዛበት ዋጋ መሆን አለበት። ይህን ማጥፋት ይኖርብኛል?

የጠገራ ወዳጅ

ለመሸጥ የሚያስብ ሰው በእርሳስ የተጻፈ ነገር ዋጋ ይቀንሳል ይልዎት ይሆናል፤ እውነትም ነው፣ ግን የሚቀንሰው ከጥቂት ዩሮ ላይ ነው። ላጲስ ደግሞ ያን ጊዜ የነበረውን ቀጭን ወረቀት ያሻክረዋል። አይንኩት። የጎደለችውን ባለ ኢ ሳንቲም እኔ ዘንድ ሁለት አሉኝ፤ አንዷን ፖስታ ቤት አካባቢ ስንገናኝ ይወስዳሉ።